ጨለማና ጸጥታን ማሰናዳት፦ የሙከራ ፊልምና በቅጽበት የሚፈጠር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሽት በደብረ ብርሃን

የሙከራ ፊልምና በቅጽበት የሚፈጠር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚቀርብበትን ምሽት ለማሰናዳት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዕቃ ነው፤ ምን ዓይነት ፕሮጀክተር፣ ስንት ስፒከር፣ የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋል። ዕቃው በኪራይም በውሰትም ይገኛል። በኪራይ የማይገኙት ጨለማና ጸጥታ ናቸው፤ የአዘጋጁም ዋና ሥራ እነዚህን ሁለቱን ማሰናዳት ነው። ታሪክ ያለው ፊልም ተመልካቹን በሴራው ስለሚይዘው፣ ብርሃን ቢገባም ሰው ቢያወራም ተመልካቹ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማየት ይከተለዋል። የሙከራ ፊልም ግን ብዙውን ጊዜ ገጸ ባሕርይም ሴራም ሳይኖረው በብርሃን፣ በቀለም፣ በእንቅስቃሴና በቆይታ የሚናገር በመሆኑ፣ ከበር ሥር የሚሾልክ ትንሽ ብርሃን እንኳ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ኖታ ሳይጻፍለት፣ ተጫዋቾቹ እየተደማመጡ እዚያው የሚፈጥሩት ሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ በጎረቤት ክፍል ቴሌቪዥን ከተከፈተ ዝቅ ያለው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል።

ይህ መመሪያ ከ30 እስከ 50 ሰው የሚይዝ ክፍል ያለውን ወይም ለማግኘት የሚችል የደብረ ብርሃን አዘጋጅ ታስቦ የተጻፈ ነው። ቋሚ ጋለሪ ባይገኝ፣ ለአንድ ሳምንት የሥዕል ዐውደ ርእይ የተሰቀለበት ባዶ ሱቅ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የባህል አዳራሽ ለአንድ ምሽት ጋለሪ ሊሆን ይችላል።

ቤቱና ቀኑ

ቤቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው ዋና መንገድ ራቅ ያለ ይሁን። በዚያ መንገድ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ማርሽ ሲቀይሩ የሚያሰሙት ጉምጉምታ ግድግዳ ያልፋል፤ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ መጋረጃም ሆነ ብርድ ልብስ አይገታውም። ቀጥሎ ጣሪያው ይታይ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ጊዜ ማንኛውንም ሙዚቃ ይውጣል፤ ዝናብ ባይኖርም እንኳ ቀን በፀሐይ የጋለው ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ይንቋቋል። ኮርኒስ ያለው ክፍል ቢጠብም ከሰፊው ይመረጣል።

ስለ ቀኑ ሲታሰብ ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ ምክንያት ይቀራሉ፤ በዐቢይ ጾምም ብዙ ሰው ከሙዚቃ ይርቃል። በእኔ ግምት ምቹው ጊዜ ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቶ ጾመ ነቢያት እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ድረስ ያለው ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለለት ብርድ እንደሚኖር ግን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀኑ የትልቅ በዓል ዋዜማ እንዳይሆን መጠንቀቅም ተገቢ ነው፤ ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ የሚሰማ ከሆነ ጋለሪው ሊቀንሰው የማይችለው፣ ሊቀንሰውም የማይገባው ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ፣ አዘጋጁ ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ዕለትና በዚያው ሰዓት ወደ ክፍሉ ሄዶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ሳይናገር ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ የሚሰማውን መመዝገብ ነው። የጎረቤት ወፍጮ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ውሻው ለምን እንደሚጮኽ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ እንደሚያፈስ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትጠልቅ፣ ዝግጅቱን በ1 ሰዓት መጀመር ከብርሃኑም ከመግሪብ አዛንም በኋላ ያደርገዋል። ማብቂያው ከ2 ሰዓት ተኩል ባያልፍ ይመረጣል፤ የሕዝብ እንቅስቃሴና የባጃጅ ሰዓት ገደብ ካለ ደግሞ ሁሉም ነገር በዚያ መሠረት ወደፊት መሳብ አለበት። ለቀበሌው፣ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅ ከሥራው የማይለይ ነው። በደብዳቤው ላይ «ጨለማ ክፍል» የሚለውን ያለ ማብራሪያ ከመጻፍ፣ ፊልም እንደሚታይና ሙዚቃ እንደሚቀርብ በግልጽ መግለጽ አላስፈላጊ ጥያቄ ያስቀራል።

ብርድ ልብስ፣ ባናና ከሰል

መስኮቶቹን ለማጨለም መጀመሪያ ጥቁር ላስቲክ በፕላስተር ይለጠፋል፤ በላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰቀላል። ላስቲኩ ብርሃኑን ይከለክላል፣ ብርድ ልብሱ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን ቀጭን ድምፅ ያለዝባል። ሥራው የሚፈተነው በቀትር ነው፦ በሩን ዘግቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ዓይን ጨለማውን ስለሚለምድ፣ ቀድሞ ያልታየው ቀዳዳ ሁሉ ይታያል። የበሩ ሥር በጨርቅ ጥቅልል ይደፈናል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው በሩን ሲከፍት ብርሃን እንዳይገባ ከበሩ ውስጥ በኩል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ሌላ መጋረጃ ይሰቀላል። መውጫ በሮች ግን በፍጹም አይቆለፉም፤ ከእያንዳንዱ መውጫ በላይም ደብዛዛ መብራት ይቀራል።

የአካባቢው ሀብት በእጅጉ የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። የሲሚንቶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው ክፍል ያስተጋባል፤ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ማዳመጥ ይበቃል። ለዚህ መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ውድ ስፖንጅ ሳይሆን ከመንዝ የበግ ፀጉር የሚሠራው ባናና ዝተት፣ እንዲሁም ከተማዋ በፋብሪካዋ የምትታወቅበት ብርድ ልብስ ነው። ጨርቁ በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ከመሰቀል ይልቅ ከዐሥር ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ክፍተት ቢተውለት ዝቅ ያሉትን ድምፆችም በተሻለ ይውጣል፤ ተጣብቆ ሲሰቀል የሚይዘው ቀጭን ቀጭኑን ብቻ ነው። ከስፒከሮቹ ትይዩ ያለው ግድግዳ ቅድሚያ ይሰጠው። ሁሉንም ግድግዳ መሸፈን አያስፈልግም፤ ጋቢ የለበሰ አርባ ሰው ራሱ ብዙ ድምፅ ስለሚውጥ፣ በልምምድ ጊዜ በጥቂቱ የሚያስተጋባ ክፍል በምሽቱ ልክ ይሆናል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። መስኮቱ በላስቲክ በታሸገና በሩ በጨርቅ በተደፈነ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት፣ ለሙቀትም ሆነ ለቡና፣ ሰው ይገድላል። የከሰል ጭስ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጨለማ የተቀመጠ ተመልካች ራሱን ሲያዞረው ከፊልሙ ይመስለዋል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ለብርዱ ለእያንዳንዱ ወንበር አንዳንድ ብርድ ልብስ ይቀመጥ። ጄኔሬተር ካለም በተመሳሳይ ምክንያት ከቤቱ ውጭ፣ ከኋላ በኩል ርቆ ይተከላል።

ምስሉ

ለስክሪን የሚሆነው ከሁሉ ርካሹ ነገር በእንጨት ክፈፍ ላይ በደንብ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ነው። ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ በሁለት እጥፍ ይደረጋል፤ ከመወጠሩ በፊት መተኮስ አለበት፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ በሚንቀሳቀስ የብርሃን ፊልም ላይ አንዲት የጨርቅ እጥፋት የምስሉ አካል መስላ ትታያለች። የስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ከኋላ የሚቀመጡት የሚያዩት የፊተኞቹን ነጠላ ነው።

አብዛኞቹ የቢሮና የትምህርት ቤት ፕሮጀክተሮች የምስሉን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርቀት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ምስሉ 3 ሜትር እንዲሰፋ ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ 4.5 ሜትር ገደማ ይርቃል። በተሟላ ጨለማ ውስጥ 3,000 ሉመን (የፕሮጀክተር ብርሃን መለኪያ) ለዚህ ስፋት ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርቱ የሆነ ፕሮጀክተር ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ምስሉ ቢጣመም በማስተካከያው ቁልፍ ከመታገል የፕሮጀክተሩን ቦታ መቀየር የምስሉን ጥራት ይጠብቃል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሌላ ቦታ የማይነሣ ጉዳይ እዚህ ይነሣል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ሙቀቱን በቀላሉ አያወጣውም፤ ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲከፈት የሚመከር የከፍታ ቦታ ቅንብር በማውጫቸው ውስጥ አላቸው። ይህ ሳይከፈት ሲቀር መሣሪያው በፊልሙ መካከል ሞቆ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ሲከፈት ደግሞ ማራገቢያው በፍጥነት ስለሚዞር ድምፁ ይጨምራል፤ በመሆኑም ፕሮጀክተሩ ከተመልካቹ ራስ በላይ፣ ከኋላ ግድግዳ አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንጂ በሣጥን አይታፈን። ይኸው ስስ አየር ጄኔሬተርንም ያዳክማል፤ በዚህ ከፍታ ጄኔሬተሩ ከተጻፈበት ኃይል ከሩብ በላይ ሊያጣ እንደሚችል ታስቦ ተለቅ ያለው ይከራያል። ዝግጅቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ቢሆን ይህ ሁሉ ቀርቶ በምትኩ የክፍሉ ሙቀት ያሳስብ ነበር። በብርድ ከውጭ የገባ ፕሮጀክተር ሰው በሞላበት ክፍል ሌንሱ ላይ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከቦርሳው ሳይወጣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ከዚያ በኋላ ይከፈት።

ፊልሞቹን ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳየት ቀላል ቢመስልም ተገቢ አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልም ሠሪን መብት ይጠብቃል፤ ከሕጉም ባሻገር በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ በኢሜይል ሲጠየቁ ራሳቸው ጥራት ያለው ፋይል ይልካሉ። የቆዩ ሥራዎችን በክፍያ የሚያከራዩ ተቋማትም አሉ፤ በፓሪስ ላይት ኮን፣ በለንደን ላክስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ካንየን ሲኒማ ይጠቀሳሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የማበረታታው ቢያንስ የዝግጅቱ ግማሽ እዚሁ የተሠራ እንዲሆን ነው። በጣርማ በር ጉም ሲወጣና ሲወርድ በሞባይል ካሜራ ሳይንቀሳቀስ ለስምንት ደቂቃ የተቀረጸ፣ ወይም በመንዝ የባና ሸማኔ እጅ ከመወርወሪያው ጋር ሲመላለስ በቅርበት የተወሰደ ምስል፣ ያለ ትረካና ያለ ጽሑፍ ቢቀርብ የሙከራ ፊልም ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ የተረሳ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ከተገኘም፣ በመስታወቱ ላይ ጥልቀት በሌለው ግልጽ ሣህን ውኃ፣ ዘይትና የምግብ ቀለም እያንቀሳቀሱ ምስሉን በዚያው ቅጽበት መፍጠር ይቻላል፤ በቅጽበት ከሚፈጠር ሙዚቃ ጋር ከዚህ የሚስማማ ነገር አላውቅም።

የትኛው ፊልም ሙዚቃ እንደሚፈልግ መወሰን ትልቁ የአዘጋጅ ውሳኔ ነው። ድምፅ የሌለው ፊልም ሁሉ ሙዚቃ የጎደለው አይደለም። አሜሪካዊው ስታን ብራኬጅ እ.ኤ.አ. በ1963 የእሳት ራት ክንፍና የአበባ ቅጠል በግልጽ ፕላስተር መካከል አጣብቆ፣ ያለ ካሜራ የሠራው አጭር ፊልም ዝም ብሎ እንዲታይ የተሠራ ነው፤ በእሱ ላይ ሙዚቃ መጫን ሥራውን መለወጥ ይሆናል። ማያ ዴረን ከአሌክሳንደር ሃሚድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1943 የሠራችው ፊልም ግን ድምፅ ሳይኖረው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የቴይጂ ኢቶ ሙዚቃ ተጨምሮለታል። ስለዚህ ሠሪው በሕይወት ካለ ይጠየቅ፤ ከሌለና ፈቃዱ ካልታወቀ ፊልሙ በጸጥታ ይታይ። ብርሃን በፍጥነት የሚበራበትና የሚጠፋበት ፊልም ካለ ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ፣ በበሩ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ከመጀመሩ በፊትም በቃል ይነገር። ቶኒ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1966 በጥቁርና በነጭ ብልጭታ ብቻ የሠራው ፊልም ራሱ በማስጠንቀቂያ ነው የሚጀምረው።

ድምፁ

ሙዚቀኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ይበቃል፤ አምስት ሲሆኑ መደማመጥ ይከብዳል። ላፕቶፕ ያለው ሰው በነፃ በሚገኘው ፒዩር ዳታ በተባለው የድምፅ መፍጠሪያ ሶፍትዌር መሥራት ይችላል። ላፕቶፕ የሌለው ደግሞ ርካሽ የሆነውን የፒዬዞ ዲስክ በሁለት ሽቦ ከኬብል ጋር በይዶ ከብረት ምጣድ፣ ከመሰንቆ ገበቴ ወይም ከሸማ መሥሪያ እንጨት ላይ ሲያጣብቀው በጆሮ የማይሰማውን ንዝረት ወደ ድምፅ ይለውጥለታል። ትንሽ ሚክሰር ብቻ ያለው ሰው መውጫውን ከመግቢያው ጋር አገናኝቶ ከራሱ ከመሣሪያው ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በድንገት የሚጮኽ ስለሆነ ድምፁ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይጨመር፣ በመሃሉም ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገታ ሊሚተር ይግባ፤ አለበለዚያ የስፒከሩ ቀጭን ድምፅ አውጪ ይቃጠላል።

የማያቋርጥ «ም…» የሚል ድምፅ ሲሰማ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የ50 ኸርዝ የመብራት ኃይላችን ነው። ሚክሰሩ፣ ላፕቶፖቹና ስፒከሮቹ ሁሉ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ ማከፋፈያ ቢሰኩ ችግሩ በአብዛኛው ይቀራል፤ ካልቀረ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መጫወት ወይም በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ዲአይ ቦክስ የሚባለውን ትንሽ የድምፅ ማገናኛ ሣጥን ማስገባት ይፈታዋል። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት የሚመክር ባለሙያ ካጋጠመ ግን መሣሪያውን ሳያስነኩት ማሰናበት ይሻላል። ሲከፈት ስፒከሩ መጨረሻ ላይ፣ ሲዘጋ ስፒከሩ መጀመሪያ ላይ መሆኑን ሁሉም ይወቅ።

ስለ ድምፁ ከፍታ፣ ጆሮን ሳይጎዳ ለ8 ሰዓት ሊሰማ ይችላል የሚባለው 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 ዴሲቤል አንድ ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በስልክ መለኪያ ግምቱን ማወቅ ይቻላል። ዝግጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ተጀምሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢቆይ የተመልካቹ ጆሮ ወደ ሙዚቃው ይቀርባል፤ ድምፁን በማብዛት ትኩረት ለማግኘት መሞከር የአቅም ማነስ ምልክት ይመስለኛል።

በቅጽበት መፍጠር ማለት ያለ ዝግጅት መጫወት ማለት እንዳልሆነ አዝማሪ የሚያውቅ ሕዝብ አይከራከርም። የሚዘጋጀው ሙዚቃው አይደለም፤ ማዳመጡ ነው። ተጫዋቾቹ ከምሽቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተገናኝተው ሦስት ነገር ይስማሙ፦ ማን እንደሚጀምር፣ መጨረሻው በምን ምልክት እንደሚታወቅ፣ አንድ ተጫዋች ምን ያህል ጊዜ ዝም ማለት እንደሚችል። ለጀማሪዎች የሚጠቅመው ልምምድ፣ እያንዳንዱ ከጨዋታው ጊዜ ግማሹን ዝም የማለት ግዴታ ያለበት የዐሥር ደቂቃ ጨዋታ ነው። ፊልሙን አስቀድሞ ማየት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም በሚለው ላይ ሁለት አስተሳሰብ አለ። እኔ የምመርጠው አንደኛው ተጫዋች አይቶት ሌሎቹ ሳያዩት እንዲቀርቡ ነው፤ ያየው መንገዱን ይይዛል፣ ያላዩት ደግሞ ምስሉን በእርምጃው ልክ ከመከተል ይድናሉ። ሰው ሲሮጥ ከበሮ የሚያፈጥን፣ ውኃ ሲታይ የውኃ ድምፅ የሚያሰማ ሙዚቃ ለማስታወቂያ እንጂ ለዚህ ምሽት አይሆንም።

ሙዚቀኞቹ ከስክሪኑ ፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከግድግዳው አጠገብ ይቀመጡ፤ የላፕቶፖቹ ብርሃን እስከ መጨረሻው ይቀነስ፣ ለእጃቸው ወደ ታች የዞረ ትንሽ ቀይ መብራት ይበቃል።

ምሽቱ

ጠቅላላው ዝግጅት ከ70 ደቂቃ ባያልፍ ይመከራል። በጸጥታ የሚታይ አጭር ፊልም ቢቀድም የተመልካቹ ዓይንም ጆሮም ይከፈታል፤ ቀጥሎ ምስል ሳይኖር በጨለማ የሚሰማ የአንድ ተጫዋች ሙዚቃ ይመጣል፤ ከዕረፍት በኋላ ፊልምና ሙዚቃ አንድ ላይ ይቀርባሉ። የመክፈቻ ንግግር አምስት ደቂቃ ይብቃው። የክብር እንግዳ ካለ ንግግሩ ከዝግጅቱ በኋላ፣ በሻይ ሰዓት ቢሆን ለእንግዳውም ለተመልካቹም ይሻላል።

በንግግሩ ውስጥ ተመልካቹ ይህን ሙዚቃ ፍጹም እንግዳ አድርጎ እንዳያየው የሚረዱ እውነቶች አሉ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፣ ድምፁን ለዋውጦ፣ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች አንዱ የሚባለውን ሠርቷል፤ ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር ያዋሐደውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ኃይሉ መርጊያ ደግሞ የተወለደው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ከዚህ የበለጠ ማብራራት አያስፈልግም፤ «ትርጉሙ ምንድን ነው» ለሚለው ጥያቄ መልስ አስቀድሞ መስጠት የተመልካቹን ድርሻ መውሰድ ነው።

ስልክ በሙሉ እንዲጠፋ በበሩ ላይ በትሕትና ይጠየቅ፤ ድምፁን መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ የስልክ ስክሪን በጨለማ ውስጥ ለአሥር ሰው ይታያል። ፎቶ ለማንሣት የሚፈልጉ ጋዜጠኞች ካሉ በልምምድ ሰዓት ይምጡ። ለመስተንግዶው ቆሎና ዳቦ ከሻይ ጋር በረንዳ ላይ ይቅረብ፤ ቆሎ ግን ወደ ውስጥ አይገባም፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ሁሉም ይሰማዋል።

መብራት ሊሄድ ስለሚችል ሁሉም ነገር በዚያ ግምት ይሰናዳል። የአምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ ይጎዳል፤ ስለዚህ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ ኃይል በሚሰጥ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፣ ኃይል ሲቋረጥ ኦፕሬተሩ በተቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች በሥርዓት ያጥፋው፣ እስኪቀዘቅዝም መልሶ አያብራው። ሙዚቀኞቹ ደግሞ ስፒከር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይወስኑ። መሰንቆ ወይም ምጣድ የያዘው ያለ ማጉያ መቀጠል ይችላል፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰው የሙዚቃው ክፍል እስኪያበቃ እንዲጠብቅ ከተነገረው፣ በጨለማው ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቀጥለው ጨዋታ የዝግጅቱ አንድ ክፍል ሆኖ ያልፋል። ተመልካቹ ሲወጣ መብራቱ በአንድ ጊዜ ቦግ አይበል፤ መጀመሪያ የጎን መብራት ይብራ። የተውሶ ብርድ ልብሶችና ባናዎች በዚያው ምሽት ተቆጥረው፣ ላስቲኩ ከመስኮቱ ተልጦ፣ የተጫዋቾቹና የኦፕሬተሩ ክፍያ ከመለያየት በፊት በእጃቸው ይሰጥ።